የፈዲላ ሰርግና የባዬ ፍሬን

(ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የሙነወር ግቢ። ጥር 2017፣ ረፋድ ላይ። አንዲት የጭነት መኪና የቀኝ ፊቷ በክሪክ ተነስቶ ቆማለች። መኪናዋ የሁለት ሸሪኮች ናት፤ ባዬ ይነዳታል፣ ሙነወር ጭነቱን ይጭናል፣ ያወርዳል። አሁን ሙነወር ጎማዋን ፈትቶ ተንበርክኳል። ባዬ ከውጭ እየሮጠ ይገባል።)

ባዬ፦ ማን ፍታ አለህ? ማን ነው ይቺን ጎማ ፍታ ያለህ?

ሙነወር፦ ማንም አላለኝ። ጮኸች፣ ፈታኋት።

ባዬ፦ ሚስትህም ስትጮህ ትፈታታለህ ማለት ነው?

ሙነወር፦ አሪፋ እንዲህ ብትጮህ ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት። ፍሬን በያዝክ ቁጥር «ፂ...ፅ» ትላለች እኮ። ትናንት ገበያ ውስጥ ስታቆማት የሰው በግ ገመድ በጥሶ ሄደ።

ባዬ፦ የበግ ነገር አታንሳብኝ! ስማ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። የመኪና ጩኸት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሕመም ጩኸትና የጤና ጩኸት። ይሄ የጤና ነው። የፍሬኑ ሸራ የጎማውን ዲስክ ሲያጸዳው የሚሰማ ነው። ቢላዋ ሲሳል አይጮህም?

ሙነወር፦ ይጮሃል።

ባዬ፦ ታመመ እንዴ?

ሙነወር፦ አልታመመም። ግን ሲሳል ሲሳል ያልቃል።

ባዬ፦ እሱ የቢላዋ ጠባይ ነው።

ሙነወር፦ ና እስቲ ጎንበስ በልና እየው አያ ባዬ። ይሄ ሸራው አይደል? ይሄ ጀርባው ብረት ነው፤ ይሄ ደግሞ ዲስኩን የሚነክሰው። የሚነክሰው ምን ያህል ቀርቶታል?

ባዬ፦ በቂ።

ሙነወር፦ በቂ ስንት ነው? የትንሽ ጣቴን ጥፍር አያህልም እኮ። ደሴ ያለው መካኒክ «ሦስት ሚሊ ሳይደርስ ቀይሩት፣ ብረቱ ከወጣ ዲስኩን ያርሰዋል» ብሎኝ ነበር።

ባዬ፦ የደሴ መካኒክ ዕቃ ሊሸጥልህ ፈልጎ ነው። እኔ በአንድ ጥፍር ስድስት ወር እነዳለሁ። ለምን? ፍሬን አልነካማ! ፍሬን የሚነካ ሾፌር ማርሽ ያላወቀ ሾፌር ነው።

ሙነወር፦ አንተ ካልነካኸው ታዲያ ሸራውን ማን በላው?

ባዬ፦ አየሩ።

ሙነወር፦ የሐይቅ አየር?

ባዬ፦ እርጥበት አለው። ከውኃው እየተነሳ ይመጣል፣ ብረት ይበላል።

ሙነወር፦ ሱብሐነላህ! የአርዲቦ ሐይቅም አየር እንዲህ ይበላል እንዴ? የእናቴ ቤት እዚያው አርዲቦ ዳር ነው፤ በሯ ቆርቆሮ ነው።

ባዬ፦ የአርዲቦ ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚበላ። ለእናትህ ንገራት፣ እስከ ፋሲካ አትስጋ።

ሙነወር፦ እናቴ ፋሲካ የላትም።

ባዬ፦ እስከ ረመዳን በላታ!

ሙነወር፦ ዲስኩስ? እጅህን አሳርፍበት እስቲ። ትልም ትልም ሆኗል እኮ። ጤፍ ቢዘሩበት ይበቅላል።

ባዬ፦ ትልሙ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በዚያ በዚያ እንዲፈስ።

ሙነወር፦ ከፋብሪካ ሲመጣ ልሙጥ አልነበር?

ባዬ፦ ፋብሪካው ያለበት አገር ዝናብ የለም። ሙነወር፣ አንተ ጭነት ታውቃለህ፣ አልክድህም። ፍሬን ግን ለኔ ተው። ይሄ ሸራና ይሄ ዲስክ መኪናዋ ስትገዛ አብሯት የመጣ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ! ስንቱ ሾፌር በየዓመቱ ይቀይራል፤ እኔ አንድም ቀን። በምን ይመስልሃል? (ቀኝ እግሩን ከፍ ያደርጋል) በዚህ ነው። ይሄ እግር ወርቅ ነው።

ሙነወር፦ (እግሩን በጥሞና እያየ) ማሻአላህ።

ባዬ፦ በል ጎማውን እሰር።

ሙነወር፦ (መፍቻውን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል) አያ ባዬ፣ ነገ እኮ የምንጭነው ሽንኩርት አይደለም። ፈዲላን ነው። አንተ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ልጄ፣ ከኋላ አርባ አጃቢ። ሰርጉ መንገድ ተዘጋ እየተባለ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። የሙሽራው ቤት ደግሞ ከውጫሌ ወዲያ ያን ቁልቁለት ወርዶ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ፈራሁ።

ባዬ፦ እኔ እያለሁ ትፈራለህ?

ሙነወር፦ አንተ ስላለህ ነው እንጂ። ሌላ ሾፌር ቢሆን ፍሬን ይዞ ይወርድ ነበር።

ባዬ፦ (ቅር እያለው) እሺ። ለፈዲላ ስል፣ የቀኙን ብቻ እንቀይረው።

ሙነወር፦ ግራውስ?

ባዬ፦ ግራው በገደሉ በኩል አይደለም።

ሙነወር፦ ስንመለስስ?

ባዬ፦ ስንመለስ ዳገት ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ምን ሊሠራ?

ሙነወር፦ የቀኙ አዲስ ሆኖ ቀድሞ ከያዘ መኪናዋን ወደ ቀኝ አይጎትታትም? ገደሉ ደግሞ በቀኝ ነው አልክ። የፊት ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት ብሎኝ ነበር እኮ...

ባዬ፦ ማን?

ሙነወር፦ መካኒኩ።

ባዬ፦ እንግዲያው ፈዲላን ለሱ ዳርለት!

ሙነወር፦ አግብቷል። ይልቅስ አያ ባዬ፣ ምን ያጨቃጭቀናል? ዕቃው እኮ አለን! ጦርነቱ ሐይቅ ሳይደርስ፣ መስከረም 2014 ላይ፣ ደሴ ወጥተን ሙሉ ሸራና ሁለት ዲስክ ገዝተን አልነበር? ከነካርቶኑ። አንተ አስቀምጠዋለሁ ብለህ ወሰድከው። የት ነው ያለው?

ባዬ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) አለ።

ሙነወር፦ የት?

ባዬ፦ ደህና ቦታ።

ሙነወር፦ ቤትህ?

ባዬ፦ ከቤት የተሻለ።

ሙነወር፦ ባንክ?

ባዬ፦ ዲስክ ባንክ ይገባል እንዴ?

ሙነወር፦ እኔ ምን አውቃለሁ፤ የምታውቅ አንተ። ልሂድና ላምጣው?

ባዬ፦ አይሆንም! ማለቴ... አዲስ ዲስክ ተገዝቶ ዝም ብሎ አይገጠምም። ብረቱ ማረፍ አለበት። አምስት ዓመት። ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ሙነወር፦ ባለሱቁ ይሄን ለምን አልነገረንም?

ባዬ፦ ነጋዴ አይደል?

ሙነወር፦ (ተነስቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል) በል እንግዲህ። ከሰዓት ሌላ መኪና እፈልጋለሁ። ቅር እንዳይልህ። አሁን ግን ልሂድ፤ የቅሬው ዕድርተኞች መቃብር ቦታ እየጠበቁኝ ነው።

ባዬ፦ ምነው፣ ማን ሞተ?

ሙነወር፦ ማንም አልሞተ፣ አልሐምዱሊላህ። የእንግዳውን መቃብር ሲሚንቶ ልናለብስለት ነው።

ባዬ፦ የ... የትኛውን እንግዳ?

ሙነወር፦ ያን አንተ የቀበርከውን ነዋ! በጦርነቱ እኛ ተሰደን ሳለ፣ መንገድ ዳር ሞቶ አግኝተህ ብቻህን በኛ መቃብር ያሳረፍከውን። ሸህ ኑርሁሴን «ሠርገኛ በአጠገቡ ሲያልፍ እንግዳችን አፈር ብቻ ለብሶ ማየት ነውር ነው» አሉ። ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ተዋጥቷል።

ባዬ፦ ሲሚንቶ?!

ሙነወር፦ ከነፌሮው።

ባዬ፦ ፌሮ! ፌሮ ምን ያደርግለታል? ተነስቶ ሊሄድ ነው?

ሙነወር፦ እንዲጠና ነው።

ባዬ፦ ስማ ሙነወር፣ እኔ እስከማውቀው በእናንተ ሃይማኖት መቃብር ላይ መገንባት አይወደድም።

ሙነወር፦ አንተ ክርስቲያን ሆነህ ይሄን ካወቅክ፣ ሸሁ እንዴት ጠፋቸው?

ባዬ፦ ሰው አይደሉ? ረስተውት ነው። ሂድና አስታውሳቸው። ሩጥ!

ሙነወር፦ ሸህ ኑርሁሴንን? እኔ? ኧረ ወንድምዋ! ይልቅስ አንተ አንድ ነገር አስታውሰኝ። ስሙን ልንጽፍበት ነው። ያኔ ከስደት ተመልሰን ስንጠይቅህ «ሰላሀዲን ይባላል፣ የባቲ ሰው ነው» አልከን። አምና ደግሞ «አሕመዲን ይባላል፣ የከሚሴ ሰው ነው» አልከን። የትኛው ይጻፍ?

ባዬ፦ ሁ... ሁለቱም። አሕመዲን ሰላሀዲን። ሰላሀዲን አባቱ ነው።

ሙነወር፦ አገሩስ?

ባዬ፦ ባቲ ተወልዶ ከሚሴ አደገ።

ሙነወር፦ ሞቶ ነው ያገኘሁት አላልክም? ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?

ባዬ፦ ያስታውቃል። ከመልኩ።

ሙነወር፦ ማሻአላህ! ከመልክ የአባት ስም! ሥራውስ?

ባዬ፦ ሾፌር ነው።

ሙነወር፦ እሱንም ከመልኩ?

ባዬ፦ ከእግሩ።

ሙነወር፦ አላህ ይዘንለት። አንተም ብትሆን አልረሳኸውም። በየዓመቱ ለሰደቃው በግ ታመጣለህ። እስካሁን ሦስት በግ! ሰው ሁሉ «ባዬ ለማያውቀው ሙስሊም እንዲህ ሆነ» እያለ ይመርቅሃል። በል፣ ልሂድ። አሸዋና ጠጠሩ ተቀላቅሏል ብለውኛል።

ባዬ፦ (እጁን ለቀም አድርጎ) ደውልላቸው! አቁሙ በላቸው!

ሙነወር፦ በምን ምክንያት?

ባዬ፦ ሲሚንቶው... ብርድ ነው፣ አይዝም።

ሙነወር፦ በዚህ ፀሐይ?

ባዬ፦ (የተፈታው ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል) እዚያ ውስጥ ሰው የለም።

ሙነወር፦ ልክ ነህ። ነፍሱ ሄዳለች፤ ያለው ሥጋው ነው።

ባዬ፦ ሥጋም የለም! ሸራ ነው! ሸራና ሁለት ዲስክ!

(ውጭ ባጃጅ ያልፋል።)

ሙነወር፦ ቀጥል።

ባዬ፦ ምኑን ልቀጥል? ከውጫሌ በኩል ተኩሱ ሲሰማ እናንተ ወደ አርዲቦ ሸሻችሁ። እኔ መኪናዋን እንዳይነዷት ብዬ ጎማዋን ፈትቼ በድንጋይ አቆምኳት። ጎማውን ጭድ ውስጥ ደበቅኩ። ካርቶኑ ቀረ። ግቢ ብቀብረው አዲስ አፈር አይተው ያወጡታል። መቃብር ግን ማን ይቆፍራል? በአቡጀዲ ጠቅልዬ ቀበርኩት፤ ድንጋይ ተከልኩበት። ስትመለሱ ላወጣው ነበር። ተመልሳችሁ ሳገኛችሁ ግን ሸህ ኑርሁሴን መቃብሩ ላይ ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ። «ባዬ፣ ይሄ ማን ነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

ሙነወር፦ አላውቅም ብትልስ?

ባዬ፦ እኔ? አላውቅም?

ሙነወር፦ እሱም አለ።

ባዬ፦ ያን ሰሞን ቤት ሁሉ ለቅሶ ነበር ሙነወር። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል «ዲስክ ነው» ብዬ እንዴት ልናገር? አፈርኩ። አንዴ ስም ካወጣሁለት በኋላ ደግሞ ሰውዬው በየዓመቱ አደገብኝ።

ሙነወር፦ (አጠገቡ ይቀመጣል) ድንጋዩን በየት በኩል ነው የተከልከው?

ባዬ፦ የምን ድንጋይ?

ሙነወር፦ የራስጌውን።

ባዬ፦ በምዕራብ ነዋ። ራስጌ በምዕራብ አይደል? ሲነሳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን።

ሙነወር፦ እሱ የእናንተ ነው! የኛ ራስጌ በምሥራቅ ነው፤ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ። አያ ባዬ፣ የቅሬው መቃብር ቆፋሪ እኔ አይደለሁ? ገና ሳየው «ምስኪን እንግዳ፣ ባዬ አገላብጦ ቀበረው» አልኩ። ሸሁም «ሳይቃና አይተኛም፤ ክፈተውና አስተካክለው» አሉኝ። አንተ ስሙን በነገርከን ማግስት ከፈትኩት።

ባዬ፦ ከፈትከው?!

ሙነወር፦ ስንቱን ቀብሬ እጄ ውኃ ቋጥሮ ነበር ያን ጊዜ። እየፈራሁ አቡጀዲውን ገለጥኩ። ሬሳ የለም። ሸራ! ከነካርቶኑ! ሸህ ኑርሁሴን መጀመሪያ አለቀሱ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ፤ ጥምጥማቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። «ከዚህ ሁሉ መቃብር ውስጥ ያልሞተ አንድ ሰው አገኘን» አሉ። ወላሂ እኔም ደስ አለኝ አያ ባዬ። እናት የማታለቅስበት መቃብር ነበር። ከተመለስን ወዲህ ሰው ሲስቅ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ባዬ፦ ቅሬው ያውቃል ማለት ነው?

ሙነወር፦ ልጅ አዋቂው።

ባዬ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስን! በጉስ? ሦስቱ በግ?

ሙነወር፦ በጉ ሰደቃ ነው፤ አባት የሞተባቸው ልጆች በሉት። ምንዳው ያንተ ነው። ደግሞ በግ መምረጥ ትችልበታለህ።

ባዬ፦ እኔ እኮ አልቀመስኩትም!

ሙነወር፦ የኛን እርድ የማትበላ አንተ፣ ምን እናድርግህ?

ባዬ፦ ሲሚንቶውስ?

ሙነወር፦ የምን ሲሚንቶ? በዚህ ኑሮ ውድነት ማን ለዲስክ ሲሚንቶ ይገዛል?

ባዬ፦ (ብድግ ይላል) ቆይ! ዲስኩን ካወጣኸው አምጣውና እንግጠመው!

ሙነወር፦ (የተበላውን ሸራ ከመሬት አንስቶ ያሳየዋል) ይኸው።

ባዬ፦ ይሄማ ከፋብሪካ የመጣው ነው።

ሙነወር፦ ከመቃብር የመጣው ነው። መኪናዋን ከድንጋይ ሳወርዳት ያኔውኑ ገጠምኩት። የፋብሪካውንማ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ይሄ አራተኛው ነው።

ባዬ፦ እኔ የት ሆኜ?

ሙነወር፦ ሻይ ቤት። ጎማ ሲፈታም ሻይ ቤት ነህ፣ ሲታሰርም ሻይ ቤት ነህ።

ባዬ፦ (ቀኝ እግሩን ቁልቁል ያያል) ታዲያ ይሄ እግር...

ሙነወር፦ እግርህ ደህና ነው። አብሽር። በጣም ነው ፍሬን የሚረግጥ እንጂ።

(ሙነወር ወደ ጋቢናው ሄዶ ከመቀመጫው ኋላ አዲስ ካርቶን ያወጣል።)

ባዬ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ሙነወር፦ ሸራና ሁለት ዲስክ። ባለፈው ሳምንት ከደሴ አመጣሁት። ና፣ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ። የፊት ሁለቱንም ነው የምንቀይር። ክሪኩን አምኜ ከሥሯ አልገባም፤ ያን ግንድም አምጣልኝ።

ባዬ፦ (ግንዱን እየጎተተ) ልግጠመው?

ሙነወር፦ መጀመሪያ ዲስኩን ጥረገው። እንዳይዝግ ቅባት ቀብተውታል፤ ቅባቱ ካልለቀቀ ሸራው ይንሸራተታል። እጅህንም ታጠብ፣ ሸራውን በዚያ እጅ እንዳትነካው። አሁን ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ቀስ እያልን እንመልሰው፤ አዲሱ ሸራ ወፍራም ነው፣ ቦታ ይፈልጋል።

ባዬ፦ ፔዳሉን ልርገጥልህ?

ሙነወር፦ አንተ! ተገጥሞ ሳያልቅ ከረገጥክ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። አስቀምጥ እግርህን!

ባዬ፦ አስቀመጥኩት።

(ይሠራሉ። ቀኙን ጨርሰው ግራውን ይይዛሉ። ባዬ መፍቻ ሲባል መፍቻ፣ ጨርቅ ሲባል ጨርቅ ያቀብላል። ሁለቱም ጎማዎች ይታሰራሉ፤ መኪናዋ ከክሪክ ትወርዳለች።)

ሙነወር፦ አሁን ጋቢና ግባ። ሞተር ሳታስነሳ ፔዳሉን ቀስ እያልክ ርገጥ።

ባዬ፦ (ከጋቢና) ገባ! እስከ ታች ገባ! ፍሬን የለም!

ሙነወር፦ ርገጥ ዝም ብለህ። ፒስተኑ ገና ሸራው ጋ አልደረሰም።

ባዬ፦ ገባ... ገባ... ኧረ ከፍ አለ... ጠነከረ! ድንጋይ ሆነ!

ሙነወር፦ የፍሬን ዘይቱንም አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ከሰዓት ባዶዋን ይዘን ወደ ውጫሌ መንገድ እንወጣለን። በቀስታ እየነዳህ፣ በቀስታ እየያዝክ፤ ሸራውና ዲስኩ እስኪለማመዱ በኃይል አትረግጥም። (የጋቢናውን በር ይደገፋል) አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ አያ ባዬ።

ባዬ፦ ጠይቀኝ።

ሙነወር፦ ነገ ልጄን አጠገብህ አስቀምጠህ ያን ቁልቁለት ትወርዳለህ። መሃል ላይ ፍሬኑ ይይዛል?

ባዬ፦ እንዴታ! ይሄማ ገና... (ሙነወርን ያያል። ሙነወር አይስቅም።) ይሄማ...

ሙነወር፦ እ?

ባዬ፦ አላውቅም።

ሙነወር፦ ምን አልክ?

ባዬ፦ አላውቅም አልኩህ! ከሰዓት ሞክረን እናያለን። ካልያዘ ፈዲላን ይዤ አልወርድም። ብትለምነኝም አልወርድ።

(ሙነወር ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል፤ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል።)

ሙነወር፦ ሸህ ኑርሁሴን? አለ! ወላሂ በጆሮዬ ሰማሁት! ሁለት ጊዜ ነው ያለው! አዎ፣ ሳይገደድ! (ይዘጋል) በቃ፣ ፈዲላን አንተ ትወስዳታለህ። ሸሁ «እዚያ ቃል ላይ ሳይደርስ ልጅህን እንዳታሳፍር» ብለውኝ ነበር።

ባዬ፦ ምን አገባቸው ሸሁ?

ሙነወር፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ መቃብር ላይ ቆመን ዱዓ ስናደርግ ለማን ይመስልህ ነበር? «ያ ረቢ፣ ይህን ሰው አንድ ቀን አላውቅም አስብልልን» እያልን ነው እኮ።

(ከአጥሩ ወዲያ፣ ከሸህ ኑርሁሴን ቤት በኩል፣ የብዙ ሴቶች እልልታ ይቀልጣል። ሰዎች ያጨበጭባሉ።)

ባዬ፦ (አንገቱን በመስኮት አውጥቶ) ምነው? ሙሽራዋ ወጣች እንዴ?

ሙነወር፦ የሙሽራዋ ነገ ነው። የዛሬው ያንተ ነው።